ንስሩ ሳይነሣ

ከጎባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሣ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱ ግን ገና መጀመሩ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች የባሌን የሳነቴ አምባ በኅዳር ቢያዩት ሁለት ይሉ ነበር። መንገዱ በአስታው ደን አልፎ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አምባ ሲያደርሰን፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይጠብቀናል።

ለምን በዚህ ሰዓት? አዳኝ አዕዋፍን ለማየት የወጣ ጀማሪ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ መሬቱን ይዩ እላለሁ። ንስርን የሚያህል ከባድ ወፍ ቀኑን ሙሉ ክንፉን ሲያርገበግብ መዋል አይችልም፤ አቅሙ ያልቃል። ወደ ላይ የሚያነሣው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚወጣው ሞቃት አየር ነው። መሬቱ እስኪሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ሦስት ተኩል ወይም አራት ሰዓት፣ ንስሩም እንደ እኛው ተኮራምቶ ይቀመጣል። ያ የምናማርረው ብርድ ነው ወፉን ይዞ የሚያቆይልን።

የንስሮቹን የሩቅ መንገድም የሚወስነው ይኸው አየር ነው። ሣሩ ላይ እንደ ዶሮ ቆመው የሚያዩዋቸው ቡናማ ንስሮች፣ የስቴፕ ንስሮች፣ ከካዛኪስታን ሜዳዎች የመጡ እንግዶች ናቸው። ባሕር ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ስለማያገኙ ቀይ ባሕርን በሰፊው በኩል አይደፍሩትም፤ በዓረብ ምድር ወርደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋው በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. እዚያ ጅቡቲ በኩል የተቀመጡ ቆጣሪዎች በአንድ ወቅት ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ አዕዋፍ ሲያልፉ ቆጥረዋል። ሳነቴ ድረስ የሚስባቸው ከሣሩ ሥር ያለው ነው፦ አይጡና በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በዚሁ ነው።

የስቴፕን ንስር ከአገሬው ቡናማ ንስር ለመለየት ቀለሙን አይመኑ። ቢጫውን የአፉን መስመር ይዩ፦ የስቴፑ እስከ ዓይኑ ጀርባ ይዘልቃል፣ የአገሬው መሐል ላይ ይቀራል። ጅብራ ጫፍ ላይ ደረቱ ነጭ የሆነ ወፍ አይተው፣ ቀጥሎ ባለው ላይ ደግሞ ጥቁር ቢያገኙ ሁለት ዝርያ አገኘሁ አይበሉ። ሁለቱም ኦገር ባዛርድ ናቸው፤ ጡብ የመሰለው አጭር ጅራታቸው ያሳብቃል። ዕድል ከቀናዎት ደግሞ ወርቃማውን ንስር ያያሉ። እዚህ መራባቱ በሳይንስ የታወቀው ገና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ካሜራው። ከመኪና አይውረዱ፤ ወፉ መኪና ይታገሣል፣ ሰው ሲቆም ግን ይነሣል። ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲሆን አድርገው ያቁሙ። ንስር የሚነሣው ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ስለሆነ ወደ እርስዎ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ኩሱን ሲለቅ ካዩ ጣትዎን ያዘጋጁ፤ መነሣቱ ነው። ፍጥነቱ 1/2000 ሰከንድ ይሁን፤ ሰማዩ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፣ አለዚያ ንስርዎ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ፣ ከገላ ጋር። ብርድ ባትሪን እንደሚያደክም የተማርኩት ቦርሳ ውስጥ ትቼው፣ ንስሩ ክንፉን በዘረጋበት ቅጽበት ካሜራዬ ሲጠፋ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን አንዱ ይነሣል፣ ሁለት ሦስቴ ይዞራል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጥቦች ናቸው። ያኔ ካሜራውን ትተው ወፉ ተቀምጦበት ወደነበረው ድንጋይ ይሂዱ። ከሥሩ የተፋውን የጠጉር ድቡልቡል ያገኙ ይሆናል። በእንጨት ፈልፍለው ይዩት፤ የፍልፈል ጠጉር ነው፣ አንዳንዴም ጥፍሩ አለበት።