ከምጥ በፊት የሚደረግ ትውውቅ

ለብዙ የሶማሌ ክልል ሴት ከማህፀን ምርመራ ጋር የመጀመሪያው ትውውቅ የሚሆነው በምጥ ሰዓት ነው፤ እሱም ጤና ተቋም ከደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በክልሉ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 23 ብቻ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 48 ነበር። ተኝታበት የማታውቀው አልጋ፣ አይታው የማታውቀው መሣሪያ፣ አግኝታው የማታውቀው ባለሙያ ሁሉም በአንድ ሌሊት፣ ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ይመጡባታል። ለትውውቅ ከዚህ የከፋ ሰዓት ያለ አይመስለኝም። ምርመራው በሰላሙ ቀን ቢደረግ ግን ከወሬው በጣም ያነሰ ነገር ነው።

ለምሳሌ አዲጋላ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ሐዲድ ላይ ያለች የሲቲ ዞን ከተማ ናት። የድሮው ባቡርም አዲሱም ያውቋታል። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነ ጉዳይ ሲገጥም ጉዞው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። የጅግጅጋ ሴቶች ካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አሉላቸው። ለመጀመሪያ ምርመራ ግን ስፔሻሊስት ፍለጋ ባቡር መሳፈር የግድ አይደለም። የሠለጠነ አዋላጅ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አብዛኛውን ሥራ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል።

ከዚያ በፊት ግን ማን ምርመራ እንደማያስፈልገው መናገር ይሻላል፤ ብዙዎች የሚሸሹት ሳያስፈልጋቸው ጭምር ነውና። የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ለመውሰድ የውስጥ ምርመራ አያሻም። ያላገባች ልጅ የወር አበባ ሕመም ቢያስቸግራት አብዛኛውን ጊዜ በጥያቄ፣ ሆድን በመዳሰስና በሆድ ላይ በሚደረግ አልትራሳውንድ መልስ ይገኛል። የድንግልና ነገርም ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በግልጽ እንዳስታወቀው አንዲት ልጅ ድንግል መሆን አለመሆኗን የሚያሳይ ምንም ዓይነት የሕክምና ምርመራ የለም። ስለዚህ «አይተህ ንገረን» ብሎ ልጅቷን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የሚጠይቀው ሐኪም ሊያውቀው የማይችለውን ነው።

ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም ለምታይ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ለሚወርዳት፣ የታችኛው ሆዷ ለሚያማት፣ ልጅ ለዘገየባት፣ እንዲሁም ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ለሆነች ሴት ግን ምርመራው ይገባታል። የመጨረሻዋ ምንም ባያማትም ነው፤ በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃው የማህፀን በር ካንሰር ሕመም የሚያሳየው ከዘገየ በኋላ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በወሬ ነው። ካርድ ወጥቶ፣ ግፊትና ክብደት ተለክቶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ባለሙያዋ መጠየቅ ትጀምራለች። «እህቴ፣ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትል ሁሉም ቀን ቆጥራ አትመልስም። «ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነበር፣ ሲስተር» የምትል ትኖራለች፣ «ዝናቡ የዘነበ ሰሞን» የምትልም አለች። ሁለቱም በቂ መልስ ናቸው፤ አዋላጇ ወደ ቀን መቁጠሪያ ትገለብጠዋለች። ስንት ወለድሽ፣ ስንት ወረደብሽ፣ ሽንት ሲወጣ ይቆያል ወይ፣ በግንኙነት ጊዜ ያምሻል ወይ የሚሉት ይከተላሉ። እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት አስተርጓሚው ነው። አማርኛ የማትችል ሴት ባሏ ወይም ልጇ ሲተረጉምላት ግማሹን ነገር ትውጠዋለች። «ሶማሊኛ የምትችል ሴት ባለሙያ ትጠራልኝ» ማለት መብቷ ነው፣ ማንም በዚህ ሊቆጣት አይገባም። በአገራችን ወንድ አዋላጆች ብዙ ስለሆኑ ሴት እንድትመረምራት መጠየቅም እንዲሁ። ሴት ባለሙያ ከጠፋች ደግሞ እህቷ ወይም እናቷ አብራት ክፍሉ ውስጥ ልትቆም ትችላለች።

ቀጥሎ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ነው። ፊኛ ሲሞላ የእጅ ምርመራው ያማል፤ በሆድ ላይ ለሚደረገው አልትራሳውንድ ግን በተቃራኒው ሽንት መያዝ ይጠቅማል፣ ስለዚህ የቱ እንደሚቀድም መጠየቅ ነው። ከቤት ሲመጡ በውኃ መታጠብ ይበቃል። ውስጥን በሳሙና ማጠብም ሆነ ሽቶ መጠቀም ባለሙያዋ ልታይ የፈለገችውን ፈሳሽ ጠርጎ ያጠፋዋል። ልብስን ዕጣን ማጠንማ የራሷ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይከለክላትም። ሙሉ ልብስም አይወለቅም፤ ድራዕ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት የውስጥ ሱሪዋን አውልቃ ልብሷን ከፍ ማድረግ ነው፣ ከላይ አንሶላ ይጣልባታል። ረመዳን ላይ ጾሙ ይፈርሳል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው። ጉዳዩ ካልቸኮለ ቀጠሮውን ከዒድ በኋላ ማድረግ ነው። ደም እየፈሰሳት ወይም ኃይለኛ ሕመም ይዟት ያለች ሴት ግን ዒድን መጠበቅ የለባትም።

ተመርማሪዋ አልጋው ላይ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ ትከፍታለች። መጀመሪያ ሆድ ይዳሰሳል፣ ቀጥሎ ከውጭ በዓይን ይታያል። ከዚያ ነው ስፔኩለም የሚባለው የሚመጣው። ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ እንደ ዳክዬ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ከመግባቱ በፊት በለብ ያለ ውኃ ወይም በቅባት ይለሰልሳል፣ ተዘግቶ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ቀስ ብሎ ይከፈትና የማህፀን በር ይታያል። ስሜቱ የመጫን ዓይነት ነው። ሲያስገቡት ከወገብ በታች ያለው ሰውነት ከጠበቀ ያማል፤ አፍን ከፍቶ ረዥም ትንፋሽ ማውጣት የሚረዳው ለዚህ ነው። የሚፈጀውም ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመጨረሻ ባለሙያዋ ጓንት ያጠለቀ ሁለት ጣቷን አስገብታ በሌላ እጇ ሆድን ከላይ እየተጫነች የማህፀኑን መጠንና የእንቁላል ማምረቻዎቹን አካባቢ ትለካለች።

መሣሪያው ንጹሕ ታሪክ የለውም። ዘመናዊውን ስፔኩለም በመሥራት ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የተባሉ በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዷል። የሚጠግነው ፌስቱላ ነበር፣ ከረዥም ምጥ የሚመጣው ያው ቁስል፤ በእኛ አገር ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ሆስፒታል ያቋቋሙለት፣ ዛሬ ሐረር ያለው የሃምሊን ማዕከል የሚያክመው። ኒውዮርክ ውስጥ ቆሞ የነበረው የሲምስ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሳ። እነዚያ ሴቶች «ይበቃል» የማለት መብት አልነበራቸውም። ዛሬ የምትመረመር ሴት አላት። «አቁሚ» ካለች መቆም አለበት፤ ስፔኩለሙ ይወጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣታል፣ ወይም ምርመራው ይቀራል።

በሶማሌ ክልል ይህ «ይበቃል» የማለት መብት ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱ ግርዛት ነው። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሶማሌ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 99 በመቶው እንደተገረዙ፣ ከተገረዙት ውስጥም 73 በመቶው እንደተሰፉ መዝግቧል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተገረዙት የተሰፉት 7 በመቶ ናቸው። ሕዝቡ «ፈርዖናዊ» የሚለው ይህ ስፌት ያለባት ሴት ብዙውን ጊዜ የምትፈራው መሣሪያውን ሳይሆን ባለሙያው ሲያያት ፊቱ ላይ የሚነበበውን ነው። ደንግጦ ባልደረባውን የሚጠራ ባለሙያ ሁለተኛ እንዳትመጣ ያደርጋታል። የአካባቢውን ሴቶች የለመደች አዋላጅ ግን አስቀድማ «ተሰፍተሻል ወይ? ሽንትሽ ቶሎ ይወጣል?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ብዙ ይነግራታል፤ ሽንት ጠብ ጠብ እያለ ረዥም ጊዜ የሚወስድባት፣ የወር አበባዋ ታግዶ በየወሩ ሆዷን የሚያማት ልጅ ችግሯ ማህፀኗ ላይሆን ይችላል፣ ስፌቱ እንጂ።

ቀዳዳው ከጠበበ ስፔኩለም በግድ አይገባም። ትንሹ መጠን ይሞከራል፣ ካልሆነ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ወይም የተሰፋው በማደንዘዣ ይከፈታል። መክፈቱ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በተሰፉ ሴቶች ላይ የወሊድ ችግሮችን ለመከላከልና ለማከም የሚመክረው ነው። ምጥ ላይ ተቻኩሎ ከመቅደድ፣ ከሠርግ በፊት ወይም በእርግዝና ወራት ተረጋግቶ መክፈት እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው። ከወሊድ በኋላ መልሶ መስፋት ግን አይፈቀድም፤ አማት ብትለምንም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 566 የሴትን ብልት የሰፋን ሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እዚህ ላይ ከጎረቤት አንድ ስም ሳይነሳ አይታለፍም። በ1937 (እ.ኤ.አ.) ሐርጌሳ የተወለደችው አዋላጅ ነርስ ኤድና አደን እስማኢል ስለ ግርዛት በአደባባይ መናገር የጀመረችው ማንም በማይደፍርበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሐርጌሳ ላይ የእናቶች ሆስፒታል ከፍታለች።

ለማህፀን በር ካንሰር የመጣች ሴት አንድ ተጨማሪ ነገር ያጋጥማታል። ስፔኩለሙ እንዳለ ባለሙያዋ በአሴቲክ አሲድ የተነከረ ጥጥ የማህፀኑ በር ላይ ታሳርፋለች። ወጥ ቤት ያለው አቼቶ ውስጥ የሚገኘው ያው አሲድ ነው፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ የተዘጋጀ። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ጥቂት ሊያቃጥል ይችላል። ጤናማው ቦታ ሮዝ ሆኖ ይቀራል፣ የተለወጡ ሕዋሳት ያሉበት ነጭ ይሆናል። ላቦራቶሪ ድረስ ናሙና መላክ አያስፈልግም፣ መልሱ እዚያው ይነገራታል። እንደ አዲጋላ ላለ ቦታ የሚመቸውም በዚህ ነው። ነጭ መታየቱ ካንሰር ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ነው፤ በማቀዝቀዣ ጋዝ ወይም በሙቀት ይጠፋል፣ መሣሪያው ካለ በዚያው ቀን። መሣሪያ ከሌለ ወይም ለውጡ ሰፊ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። ልጆቿ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሊድኑ ይችላሉ፤ የዚህ ካንሰር መነሻ ለሆነው ቫይረስ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በነጻ ይሰጣል።

ከምርመራው በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ትንሽ ደም ለአንድ ቀን ቢታይ አያስደነግጥም። ብዙ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው መመለስ ነው። በጋዝ ወይም በሙቀት የታከመች ሴት ለሳምንታት ውኃ መሳይ ፈሳሽ ይወርዳታል፣ ለአንድ ወር ያህልም ከግንኙነት እንድትቆጠብ ይነገራታል። ይህን ለባል መንገር ለብዙዎች ከምርመራው ራሱ ይከብዳል። «አልችልም» የምትል ካለች አዋላጇ ባልየውን አስጠርታ ራሷ እንድትነግረው መጠየቅ ትችላለች፤ እሷ ያልፈቀደችው ነገር ለባልም ቢሆን አይነገርም።