የፍቅር ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል? እንዴትስ ይሸጣል?

ለዚች የግድግዳ ጋዜጣ ከሚቀርቡት ጽሑፎች መካከል የሚበዙት የፍቅር ታሪኮች ናቸው። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም፤ ወጣት ሆኖ ስለ ፍቅር ያልጻፈ ማን አለ? የሚያስገርመው ግን የታሪኮቹ አገር ነው። ጸሐፊው ከላይ ጋይንት የመጣ ሆኖ ሳለ ጀግናው ቦሌ መንገድ ላይ መኪና ያሽከረክራል። ከስማዳ የመጣችው ሰልጣኝ በጻፈችው ታሪክ ውስጥ ደግሞ ልጅቷ ኬክ ቤት ቁጭ ብላ እቅፍ አበባ ይመጣላታል። ኧረ ለመሆኑ ወገዳ ላይ እቅፍ አበባ ለማን ተልኮ ያውቃል? ስለዚህ ሙያውን ለመማር ለምትፈልጉ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለመጣችሁ ዕጩ መምህራን ስለ አጻጻፉም ስለ ገበያውም ጥቂት ለማስረዳት እንሞክራለን።

የአማርኛ ልብ ወለድ ዕድሜው ረጅም አይደለም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ሲሆን፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይበልጥ ታውቋል። ዛሬ በክፍል ውስጥ «ልብ ወለድ» እያልን የምናስተምረው የሥነ ጽሑፍ ዓይነት መጠሪያው የዚሁ መጽሐፍ አርእስት መሆኑን ልብ በሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ብዙ መከራ ታያለች፤ ፍጻሜው ግን ሠርግ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠርጉ እየራቀ ሄደ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜውን ገና ከአርእስቱ ይናገራል። በዛብህ የድኻ ገበሬ ልጅ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት የጠገበ ወጣት ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ወደ ቤታቸው የገባው ሊያስተምራት ነው፤ ሁለቱም ልባቸውን ሰጡ፤ የዘመኑ ሥርዓት ግን አላስገናኛቸውም። ደራሲው ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ በወጣትነታቸውም በመምህርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በመሆኑ መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜያቸው 56 ገደማ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላው «ልቦለዴ ዘገየ» እያለ የሚቆጭ ሰው ካለ ይህን ያስብ። መጽሐፉን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ያደረሰው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ቢኖር ትረካው ዛሬም ስለሚገኝ ፈልጎ ያዳምጥ። ምልልስ እንዴት እንደሚጻፍ ከማንበብ ይልቅ በጆሮ መማር ይቀላል።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም ሻገር እንበል። የአፈወርቅ መጽሐፍ በታተመበት ዓመት፣ ማለትም በ1908 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን ላይ «ሚልስ ኤንድ ቡን» የሚባል አሳታሚ ተቋቋመ። ከጊዜ በኋላ ሥራውን በፍቅር ልብ ወለድ ላይ ብቻ አደረገ። በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካናዳው «ሃርለኩዊን» በ1971 እ.ኤ.አ. ገዛው። እነዚህ አሳታሚዎች የፍቅርን ታሪክ እንደ ፋብሪካ ዕቃ በልክ ያሠሩታል። ለደራሲው መመሪያ ይሰጡታል፤ ርዝመቱ ይህን ያህል ይሁን፣ ፍቅረኞቹ ቶሎ ይገናኙ፣ መጨረሻው የግድ ደስታ ይሁን ይሉታል። አንባቢው ሲገዛው እንደሚጋቡ አስቀድሞ ያውቃል። የሚከፍለው «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው።

ታዲያ የእኛዎቹ ለምን ይሞታሉ? ደራሲዎቻችን ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም። የፍቅር ልብ ወለድ ሞተሩ እንቅፋቱ ነው፤ ሁለቱ የሚዋደዱ ሰዎች እንዳይገናኙ ያደረገው ነገር ምንድን ነው? በለንደኑ መጽሐፍ እንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ልብ ውስጥ ያለ ነው፤ ኩራት ነው፣ አለመግባባት ነው፣ የድሮ ቁስል ነው። ስለዚህ ሲነጋገሩ ይፈታል። በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ግን እንቅፋቱ ውጭ ነው፤ አባት ነው፣ ዘር ቆጠራ ነው፣ ማዕረግ ነው። ይህ በመነጋገር አይፈታም። ደራሲው ሁለቱን በደስታ ድሮ ቢጨርስ አንባቢውን መዋሸት ይሆንበት ነበር። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ መጨረሻውን የሚወስነው እንቅፋቱ እንጂ የጸሐፊው ፍላጎት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለእንቅፋቱ ሳታስቡ ከመጨረሻው ትነሡና ልጅቷን በሃያኛው ገጽ ላይ በበሽታ ትገድሏታላችሁ። በምን እንደሞተች ሐኪሙም አያውቅ!

ለመሆኑ ከጉና ወዲያ ማዶ እንቅፋት ጠፍቶ ነው? ጎልማሳው ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ሑመራ ወይም መተማ ይወርዳል፤ «ለመስቀል እመለሳለሁ» ብሎ ሄዶ የሚቀር አለ። ልጅቷ ትጠብቃለች፤ ሽማግሌ ደግሞ ደጅ ይጠናል። ስልክ አለ ትሉ ይሆናል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥታ ስትደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን ድምፅ ብቻ ብትሰማስ? ይኸው እኮ አንድ ምዕራፍ ነው። ሁለት መምህራን ተጋብተው አንዱ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ሌላዋ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን እግር ጉዞ ከሚያስኬድ የስማዳ ትምህርት ቤት ቢመደቡ፣ ዝውውር የሚባለው ነገር ራሱ ከፊታውራሪ መሸሻ ያልተናነሰ እንቅፋት ነው። ይህን የሚጽፍልን ሰው እስካሁን አላየንም።

ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ፣ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም የጋይንት ናቸው፤ ቆማ ፋሲለደስም እዚያው እስቴ ነው። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ ከደጅ የሚቆም ተማሪ ለእናንተ በመጽሐፍ ያነበባችሁት ሳይሆን ውሻ ያሰራችሁለት ሰው ነው። በዛብህን ለመፍጠር ሐዲስ ዓለማየሁ ያደጉበትን ዓለም ተጠቀሙ፤ እናንተስ ያን የመሰለ ዓለም አጠገባችሁ እያለ ቦሌ ምን ያስኬዳችኋል?

አንድ በጥብቅ ልናሳስብ የምንወደው ነገር አለ። በሚቀርቡልን ታሪኮች ውስጥ ጠለፋ እንደ ፍቅር መግለጫ ሲቆጠር እናያለን፤ «ጠልፎ ወሰዳት፣ በኋላ ወደደችው» ይላል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችውን ያገባት ሰው ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶታል። የጋብቻ ዕድሜም በፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ሆነ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው። ሕጉን የምንጠቅሰው ልብ ወለድ የሕግ መጽሐፍ ይሁን ብለን አይደለም። ጠለፋ ይጻፍ፤ ግን ልጅቷ ካየችው ወገን ይጻፍ። ነገ ሰባተኛ ክፍል ገብታችሁ ስታስተምሩ፣ በጥር ሠርግ ምክንያት ከፊት ወንበር የምትጎድል ተማሪ ታጋጥማችሁ ይሆናል። የጻፋችሁት መጽሐፍ እጇ ቢገባ ምን ይላታል? በዛብህም ሊያስተምር ገብቶ ወደዳት ብላችሁ የእናንተ ጀግና መምህር ተማሪውን እንዲወድ አታድርጉት። ያ ዘመን ሌላ ነው፤ የዛሬ መምህር ደግሞ አደራ አለበት። ይህን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ የሚያነቡት የሥራ ባልደረቦቻችሁ ብቻ አይደሉም።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ብርሃኑ ዘሪሁንን አንብቡ። ጎንደር ተወልዶ በጋዜጠኝነት የኖረ ደራሲ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎቹ ከሆኑት አንዱ «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አማርኛ ልብ ወለድ በማስገባት ስሙ ይነሣል። አንዳንዶቻችሁ «እንደ ንጋት ኮከብ በሚያበራው ዓይኗ…» ብላችሁ ትጀምሩና አራት መስመር ሄዳችሁ ማሰሪያ አንቀጹ ይጠፋባችኋል። ዓይኗን ተዉትና ምን እንዳየችበት ንገሩን።

ሌላው መሣሪያ «አንቱ» እና «አንተ» ነው። የገጠር ባለትዳር ሴት ባሏን በስሙ ሳትጠራ «አንቱ» እያለች ዘመኗን ስትፈጽም ስላያችሁ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት መምህርት ባልደረባዋን ስድስት ወር «እርስዎ» ስትለው ቆይታ አንድ ቀን ሳታስበው «ና እስቲ ቡና ጠጣ» ብትለው፣ «እወድሃለሁ» የሚለውን ቃል መጻፍ ምን ያደርጋል? የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህን አላገኘም፤ ለሁሉም ያለው አንድ ቃል ነው። በጥምቀት የተወረወረች ሎሚም እንደዚሁ ናት፤ ግን እሷ በጣም ስለተጻፈች አሁን ትረፍ።

ስለ ትዕግሥት ሲነሣ ነቢይ መኮንን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል የ1936 እ.ኤ.አ. ዝነኛ የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ እጁ ገባ። ወረቀት አልነበረም። በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብልጭልጭ ወረቀት ላይ መተርጎም ጀመረ፤ 3,000 ያህል እንዲህ ያለ ወረቀት እንደፈጀ ይነገራል። ወረቀቶቹም ጥቂት በጥቂት በድብቅ ከእስር ቤት ወጡ። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። «ደብተር አለቀብኝ» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ።

አሁን ወደ ብሩ። ቀደም ሲል ረቂቅ ወደ ኩራዝ ይቀርብ ነበር፤ ተገምግሞ፣ በሳንሱር አልፎ ይታተማል። ሳንሱሩ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጅ ቀረ፤ ኩራዝም ዛሬ የለም። አሁን አብዛኛው ጀማሪ የኅትመቱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል። በምሳሌ እናስላ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው። 1,000 ቅጂ እያንዳንዱ በ150 ብር ታተመ እንበል፤ 150,000 ብር ወጣ። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ነው። አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢይዝ ለደራሲው በቅጂ 195 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ 770 ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ አንድ ሳንቲም አላተረፈም። ሁሉም ቢሸጥ ትርፉ 45,000 ብር ነው። 100 ቅጂ ለዘመድ፣ ለወዳጅና «እስቲ ላንብበው» ላለ ሁሉ ከታደለ ትርፉ ወደ 25,500 ብር ይወርዳል። ሁለትና ሦስት ዓመት ለተደከመበት ሥራ ይህ ነው። በዚህ ላይ አንዱ ገዝቶ ገጹን በስልክ እያነሣ በቴሌግራም ይበትነዋል። የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ መብቱን የሚያስከብረው ግን ራሱ ተከታትሎ ነው።

ስለዚህ ደመወዝን ትቶ በልብ ወለድ ለመኖር ማሰብ የሚመከር አይደለም። የመምህር ሥራ ግን ለዚህ ሥራ መጥፎ ጎረቤት አይደለም፤ ክረምት አለው። መጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ ጽፋችሁ እዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሰው ቆሞ እስከ መጨረሻው ያነበበውንና ግማሽ ላይ ትቶት የሄደውን ከሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱ። ረጅሙ ሲያልቅ ከማተሚያ ቤት በፊት ለሁለት ሰው አስነብቡ፤ አንዱ እንዲያ ያለውን ኑሮ የኖረ ገበሬ ወይም ነጋዴ ይሁን፣ ማንበብ ባይችል አንብቡለት። ከታተመ በኋላም ሁሉንም ለአዲስ አበባ አከፋፋይ አትስጡ። ሃምሳ ያህሉን በአውቶቡስ ጭናችሁ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ ላሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች አከፋፍሉ። ባለሱቁ ስንት ቅጂ እንደተረከበ፣ በስንት እንደሚሸጥና ገንዘቡን መቼ እንደሚያስረክብ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይፈረም፤ ባለሱቁ አጎታችሁ ቢሆንም እንኳ።