ሰው ገድሎ አምስት ዓመት?

የግድያ ፍርድ በተሰማ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ያኛው ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ ይሄኛው እንዴት በአምስት ዓመት ይወጣል? ጣት የሚቀሰረው ወይ ዳኛው ላይ ነው፣ ወይ ሕጉ ላይ። ምስክሩን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ታስቦ የተፈጸመ ግድያን በሦስት ይከፍለዋል። ከባድ የሰው ግድያ (አንቀጽ 539) የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ያስከትላል። ተራው (540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ፣ ወይም ከባድ ትንኮሳ ደርሶበት በድንገተኛ ስሜት የገደለ ሰው በ541 ይጠየቃል፤ ቅጣቱም ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በቸልተኝነት የገደለ ለብቻው በ543 ይታያል።

ሟቹም ቁስሉም አንድ ዓይነት ሆኖ አንቀጹ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከግድያው በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፦ አድፍጦ ጠብቆ ነው ወይስ ጠብ ተነስቶ? መጀመሪያ እጁን ያነሳው ማን ነው? የአስከሬን ምርመራ ስለቱ የት እንደገባና ምን ያህል እንደጠለቀ ይናገራል፤ ማን ማንን ቀድሞ እንደተተናኮለ ግን አይነግረንም። እሱን የሚያውቀው በሠርጉ፣ በጠጅ ቤቱ ወይም በእርሻው ድንበር ላይ የነበረ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ የአንዱ ወገን ዘመድ።

ሽምግልናው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ደም የማድረቅ ሥራን አላቃልልም። ሽማግሌዎች ካሳ አስከፍለው፣ አማምለው ሁለት ቤተሰብ ካላስታረቁ የሟች ወንድም ደመላሽ ሆኖ ይነሳል፤ ያን የትኛውም ችሎት በፍርድ ብቻ አያስቆመውም። በሕግ ግን እርቁ የግድያ ክስን አይዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት የተወው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው። ገዳዩ በእውነት ተጸጽቶ ከካሰ በአንቀጽ 82 ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ይህ በግልጽ፣ በዳኛ ፊት የሚመዘን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ በስውር የሚሆነው ነው። እርቁ ካለቀ በኋላ ችሎት የሚቀርበው ምስክር ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው ሰው አይደለም። «መሽቶ ነበር፣ አላየሁም» ይላል። ወይም «መጀመሪያ ዱላ ያነሳው ሟች ነው» ይላል። የመጀመሪያው መዝገቡን ያዳክማል። ሁለተኛው ግን ተከሳሹን ነፃ ሳያወጣ ከ540 ወደ 541 ሊያወርደው ይችላል፤ አንቀጹን ሽማግሌዎቹ መረጡ ማለት ነው። ራዲዮ ለሚሰማው ሕዝብ የሚደርሰው የዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው።

ሕጉ መሣሪያ የለውም ማለት አይደለም። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 145 መሠረት ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሊጠቀስ ይችላል፤ ግን ታማኝነቱን ለመፈተን ነው። ውሸታም መባሉ ደግሞ የቀድሞ ቃሉን ማስረጃ አያደርገውም። በቀዳሚ ምርመራ በዳኛ ፊት የተመዘገበ ቃል የሚነበበው ምስክሩ ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲጠፋ ነው፤ በአካል ቀርቦ ሐሳቡን ለለወጠው ምስክር የታሰበ አይመስልም። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም የተዘጋጀው ለሚፈራ ምስክር ነው፤ ይሄኛው ግን ማንንም አይፈራም፣ ታርቋል።

ቅጣት ይክበድ የሚሉት ይህን የሚያዩት አይመስለኝም። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ምስክሩን ዝም ለማሰኘት የሚደረገው ልመናና የሚዋጣው ካሳ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቤቷ ውስጥ ባሏ የገደላት ሴት ጉዳይ ላይ ደግሞ ምስክሮቹ ልጆቿ ሊሆኑ ይችላሉ፤ «አባታችሁም ታስሮ ማን ያሳድጋችኋል?» የሚላቸው ሽማግሌ አያጡም። ካሳ የሚያዋጣለት ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ግን ያው ድርጊት ፈጽሞ፣ ምስክር ሁሉ ያየውን ሳያጎድል ተናግሮበት፣ የ540ን ጽኑ እስራት ይቀበላል።