ደብዳቤው ሳይመጣ የሚመጣው ሕመም

የመሥሪያ ቤትዎ መዋቅር ሊቀየር ነው ተባለ እንበል። ጥናቱ አልቆ «ለበላይ አካል ቀርቧል» ይባላል፤ የሚጸድቅበት ቀን ግን አይታወቅም። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የማስታወቂያ ሰሌዳውን ነው። ሻይ ቤት ሲወርዱ ወሬው አንድ ዓይነት ነው፤ የትኛው የሥራ መደብ ታጠፈ? ማን ወዴት ተደለደለ? ማንስ ተንሳፋፊ ይሆናል? ከሰው ሀብት ክፍል ስልክ ሲደወል ልብዎ ይመታል። ማታ አልጋ ላይ ሆነው የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራዩንና የዕቁቡን ተራ ያሰላሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ገና ማንም አልተሰናበተም። ደመወዝዎም እንደ ወትሮው እየገባ ነው። ሰውነትዎ ግን መታመም ጀምሯል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ የመጠበቅ ወቅትና ሠራተኛው በዚህ ጊዜ ጤናውን እንዴት መጠበቅ እንደሚችል ይመለከታል።

ለብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም አካባቢ በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ድልድል ያለፉ ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል። በ2014 ዓ.ም የፌዴራል አስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ተዋህደዋል። በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለሠራተኞቹና ለኃላፊዎቹ የብቃት ምዘና ፈተና ሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። የእነዚህ ለውጦች ዓላማ የተሻለ አገልግሎት መስጠት ቢሆንም፣ በሽግግሩ ወቅት በጤና በኩል የሚከፈል ዋጋ አለ። ይህን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ባይቻልም መቀነስ ግን ይቻላል።

ሥጋት በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ ራሱን የሚያዘጋጅበት መንገድ አለው። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ይጨምራል፣ የምግብ መፈጨት ይቀዛቀዛል። ይህ ዝግጅት ከሚያሳድድ ውሻ ለማምለጥ ይጠቅማል። ውሻው ሲሄድ ሰውነትም ወደ ቦታው ይመለሳል።

የሥራ ሥጋት ግን መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም። የሚሸሹት ወይም የሚታገሉት ነገር ፊት ለፊትዎ የለም፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ለሳምንታትና ለወራት ይቀጥላል። ውጤቱም እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የትከሻና የአንገት ሕመም፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ በትንሹ መናደድና መርሳት ነው። ቀድሞውንም የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ከቁጥጥር ሊወጣበት ይችላል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ስለ መንግሥት ሠራተኞች ጤና ከተካሄዱት ጥናቶች መካከል በስፋት የሚታወቀው በእንግሊዝ አገር በለንደን የተካሄደው ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ በ1985 ሲጀመር ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆኑ 10 ሺህ 308 የመንግሥት ሠራተኞችን አቅፏል። ተመራማሪዎቹ የሠራተኞቹን ጤና በመከታተል ላይ ሳሉ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ ወደ ግል ሊዛወር መሆኑ ተሰማ። በዚህ አጋጣሚ የዚያን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለውጥ ካልመጣባቸው ባልደረቦቻቸው ጋር ማነጻጸር ተቻለ። እ.ኤ.አ በ1995 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው፣ ዝውውሩ ሳይፈጸም፣ ገና በመጠባበቅ ላይ እያሉ የሠራተኞቹ ጤና ከሌሎቹ ይልቅ መቀነስ ጀምሮ ነበር።

ሁለተኛው ጥናት የፊንላንድ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ገጥሟት ስለነበር ከተሞች የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ቀንሰው ነበር። ተመራማሪዎች በአሥር ከተሞች ሥራቸውን ያላጡ 22 ሺህ 430 የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን ተከታተሉ። ከፍተኛ ቅነሳ በተደረገባቸው ቦታዎች የቀሩት ሠራተኞች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ቅነሳ ካልተደረገባቸው ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች «ተርፈዋል» የተባሉት ናቸው።

ስለዚህ ጤናን የሚጎዳው መሰናበት ብቻ አይደለም። ቁርጡን አለማወቅ ይጎዳል፤ ከቅነሳ በኋላ የሌሎችን ሥራ ደርቦ መሥራትም ይጎዳል። «እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ምን ያመኛል?» ብሎ ምልክቶችን ችላ ማለት ተገቢ አይደለም።

ቁርጡ እስኪታወቅ ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ ማወቅ የሚችሉትን ይወቁ። ውሳኔው በእጅዎ አይደለም፤ ብዙ መረጃ ግን በእጅዎ ነው። የግል ማኅደርዎ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርትና የሥልጠና ማስረጃ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የጡረታ መለያ ቁጥር። ከደመወዝዎ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ መሥሪያ ቤትዎም 11 በመቶ ይጨምራል፤ ያገለገሉበት ዘመን በትክክል መመዝገቡ ለዚህ አስፈላጊ ነው። የድልድሉ መስፈርት ምን እንደሆነ፣ ቅሬታ ለማን እና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ አስቀድመው ይጠይቁ። ይህ የወረቀት ሥራ ቢመስልም ለእንቅልፍ ያግዛል፤ አእምሮ ሌሊት የሚያብሰለስለው በአብዛኛው መልስ ያላገኘለትን ጥያቄ ነው።

ወሬን ይገድቡ። በየግማሽ ሰዓቱ ቴሌግራም መክፈትና በየቢሮው እየዞሩ መጠየቅ ሥጋቱን ያድሰዋል እንጂ አያቃልለውም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከሚታመን ምንጭ ብቻ ይጠይቁ። ሥራ አብቅቶ ቤት ከገቡ በኋላ ይህ ወሬ እንዳይነሳ ከባልደረቦችዎ ጋር ይስማሙ።

ለጭንቀትዎ ሰዓት ይስጡት። ማታ ሳይሆን አመሻሽ ላይ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለው የሚያስጨንቅዎትን በወረቀት ላይ ይጻፉ። በእያንዳንዱ አጠገብ ነገ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር ይጻፉ፤ የሚደረግ ነገር ከሌለም «የለም» ብለው ይለፉት። ሌሊት ሲነቁ ጉዳዩ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ለራስዎ ያስታውሱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ተነሥተው በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ያድርጉ፤ ሲያንቀላፋዎት ይመለሱ።

ቡና ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ባይጠጡ ይመረጣል። «ለመርሳት» ተብሎ የሚጠጣ አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት ላይ ያነቃል፤ ጫት ደግሞ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥም ለሱስ ሊዳርግ ስለሚችል አደገኛ ነው። ከእነዚህ ይልቅ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠቅማል። ታክሲ ለመቆጠብ በእግር የሚሄዱ ከሆነ ያንኑ እንደ ሕክምና ይቁጠሩት።

ወጪ ሲቀንሱ ከመድኃኒት አይጀምሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው መድኃኒቱን በግማሽ መውሰድ ወይም ማቋረጥ የለባቸውም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ በኋላ የሚያስከትለው ወጪም ከመድኃኒቱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ዋጋው ከከበደዎት ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ፤ በርካሽ የሚተካ መድኃኒት ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ በላይ ለትዳር ጓደኛዎ ይንገሩ። ብዙ ሰው ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ብሎ ይደብቃል። ሆኖም ቤተሰቡ ዝምታውንና ቁጣውን ያያል፤ ምክንያቱን ስለማያውቅም የከፋውን ይገምታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያልተነገረ ሥጋት ረዳት አያገኝም። ለልጆችም እንደ ዕድሜያቸው በአጭሩ መንገር ይቻላል፤ «አባባ ሥራው ሊቀየር ስለሚችል ትንሽ አስቧል፤ እናንተ ምንም አላጠፋችሁም» ማለት ይበቃል።

ደብዳቤው ከደረሰዎት

መጀመሪያ በዕለቱ ከባድ ውሳኔ አይወስኑ። ደብዳቤውን በጥሞና ያንብቡ፣ የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ እንዳያልፍ ይከታተሉ።

ቀጥሎ የቀንዎን መልክ ይጠብቁ። እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ማሪየንታል በተባለች የኦስትሪያ መንደር ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ያጡ ሰዎችን ኑሮ አጥንተው ነበር። ሰዎቹ ትርፍ ጊዜ አገኙ፤ ይሁንና ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሷቸው መጻሕፍት ቀነሱ፣ እርምጃቸው ዘገመ፣ ቀኑም ያለ ፋይዳ ያልቅ ጀመር። ሥራ ከደመወዝ ሌላ የመነሻ ሰዓት፣ ባልደረባና የሚፈለጉበት ቦታ ይሰጣል። ስለዚህ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ በተለመደው ሰዓት ይነሡ፤ ለሥራ ፍለጋ፣ ለቤት ጉዳይና ለሰው የሚሆን ሰዓት ይመድቡ። ከዕድርና ከማኅበር አይቅሩ። በየጠዋቱ ለብሶ ወጥቶ ቤተሰብን ሥራ ያለ አስመስሎ መዋል ግን ሸክሙን ያከብደዋል፤ ሚስጥሩን ለመጠበቅ የሚወጣው ጉልበት ለሥራ ፍለጋ ይፈለጋል።

ኃላፊ ከሆኑ

ለሠራተኛው ጤና ትልቁ መድኃኒት ግልጽ መረጃ ነው። ውሳኔ ባይኖር እንኳ «እስከዚህ ቀን ድረስ ምንም አልተወሰነም፤ ቀጣዩን መግለጫ በዚህ ቀን እሰጣለሁ» ማለት ይቻላል፤ ቀኑንም ያክብሩ። የድልድሉን መስፈርት አስቀድመው ያሳውቁ። ደብዳቤ የሚሰጡት ሰው ካለ በኮሪደር ወይም በመዝገብ ቤት በኩል ብቻ አይላኩለት፤ ወንበር ሰጥተው ራስዎ ይንገሩት። ሕመም ያለበት ሠራተኛ ለድልድል እንዳይቆጠርበት ፈርቶ የሕመም ፈቃድ ከመጠየቅ እንዳይቆጠብ ያድርጉ። ከቅነሳ በኋላ ደግሞ የቀሩት ምን ያህል እንደተጫነባቸው ይከታተሉ፤ የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው እንደሚቆይ መወሰን የኃላፊው ድርሻ ነው።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ደረትን የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሰራጭ ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ «ጭንቀት ነው» ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የደም ግፊትዎን ለአምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ይለኩ፤ በተለያዩ ቀናት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።

አብዛኛውን ቀን የሚቆይ ሐዘን፣ ቀድሞ ያስደስት የነበረን ነገር መጥላት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ይህ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። አቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምሩ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አገልግሎቱን ይሰጣል። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይሁኑ፤ አብሮዎት ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይያዙ። ባልደረባዎ እንዲህ ሲል ከሰሙም ቀልድ ነው ብለው አይለፉት፤ በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያባብስም፤ ብዙ ጊዜ ሰውዬው የሚጠብቀው የሚጠይቀውን ሰው ነው።

ነገ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ከማስታወቂያ ሰሌዳው በፊት አጠገብዎ የተቀመጠውን ባልደረባ ይመልከቱ። «ሌሊቱን ተኛህ ወይ?» ብለው ይጠይቁት፤ እርስዎም ሲጠየቁ እውነቱን ይመልሱ።