ነዳጅ የሚያፈስ አሮጌ የሞተር ጀልባን ስለ መመርመርና ስለ መጠገን



የእርሻ ጉዳይ በሚነገርበት ገጽ ላይ ስለ ጀልባ መጻፉ ለጊዜው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገሩን ከሥሩ ለሚመለከተው ሰው ግን ጀልባውና እርሻው የተለያዩ አይደሉም። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከአርሲ ደጋ የሚመጣው የከታር ወንዝም እዚያው ይገባል። እኛ በጥያና በቡታጅራ በኩል የምንኖር ሰዎች ከሐይቁ ዳር ሰዎች ጋር በአንድ ውሃ የተሳሰርን ነን። በሐይቁ ውስጥ ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ደብረ ሲና፥ ገሊላና ፉንዱሮ የሚባሉ አምስት ደሴቶች አሉ። በደሴቶቹና በዳርቻው ያለው የዛይ ሕዝብ ዓሣ እያጠመደና መሬት እያረሰ የኖረ ነው፤ ደሴት ላይ የሚኖር ሰው እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣውም ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም የሚያደርሰውም በጀልባ ነው። ደግሞም በጀልባው ውስጥ ያለው ሞተር በሐይቁ ዳርና በመቂ ወንዝ ዳር ለሽንኩርቱና ለቲማቲሙ ውሃ ከሚስበው ሞተር ጋር ወንድማማች ነው፤ የአንዱ በሽታ የሌላውም በሽታ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ራሴ የበደልሁትን ልናገር።

ባንድ የበጋ ወራት ለሥራ ጉዳይ ከጥያ ተነሥቼ በቡታጅራ በኩል ወደ ዝዋይ ወረድሁ። ወደ ቱሉ ጉዶ ለመሻገር ማልጄ ከሐይቁ ዳር ስደርስ፥ ዕድሜው የገፋ በቤንዚን የሚሠራ አንድ ጀልባ ቆሞ አገኘሁ። ከደሴቱ ለገበያ መጥተው የሚመለሱ ሴቶች፥ ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት፥ ሁለት ዓሣ ነጋዴዎችና እኔ ተሳፈርን። ሞተሩ ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ጀልባ ነጂ እጃቸውን አነሡና «ሁላችሁም ውረዱ፤ ቤንዚን ይሸታል» አሉ። የጀልባው ባለቤት ከዳር ሆኖ «ይህ ጀልባ ሁልጊዜም እንዲህ ይሸታል፤ ሰው አታጉላሉ» አለ። መንገደኛው ማጉረምረም ጀመረ። እኔም የያዝሁት ደብዳቤ የሚያስቸኩል ነበርና በሹመቴ ተመክቼ «አባቴ፥ የመንግሥት ሥራ አለብኝ፤ ይነሡ» ብዬ አዘዝኋቸው። ሽማግሌው ግን ሳይቆጡ «ጌታዬ፥ እርስዎ ለደብዳቤው ይጠየቃሉ፤ እኔ ለነፍስ እጠየቃለሁ» ብለው የሞተሩን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

ኋላ እንደ ተረዳሁት እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ከወለሉ ሳንቃ በታች ባለው በጀልባው ሆድ ይተኛል። በየብስ ላይ ያለ መኪና ቢያንጠባጥብ ነፋስ ይወስደዋል፤ ጀልባ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ስለ ሆነ ያንጠባጠበውን ሁሉ ያጠራቅማል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ከመቶ እጅ አየር ጋር አንድ እጅ ተኩል ያህል ትነት ሲቀላቀል፥ ከባትሪ ወይም ከሞተር ማስነሻው የምትፈነጠቅ አንዲት ብልጭታ ጀልባውን ከነሰዉ ልታነደው ትችላለች። ባለቤቱ «ሁልጊዜም ይሸታል» ማለቱም ማስተባበያ ሊሆን አይገባም ነበር። የሰው አፍንጫ አንድን ሽታ ሲለምደው ይዘነጋዋልና፥ ቀኑን ሙሉ ጀልባው ላይ ከሚውለው ይልቅ ከውጭ የመጣው ሰው ቶሎ ያሸታል።

ይህ ጥንቃቄ በሌላም አገር በሕግ የተደነገገ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የሞተር ጀልባ ሕግ፥ በቤንዚን የሚሠራ ጀልባ ሆዱ ነፋስ የሚያገኝበት መተንፈሻ እንዲኖረው አዟል።

ሰዉ ከወረደ በኋላ ፍለጋው ተጀመረ። አንድ ጎልማሳ ረዳት ከሳንቃው ሥር ጨለማ ስለ ሆነ ክብሪት ሊጭር እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሽማግሌው «ልጄ፥ ቤንዚንን በእሳት የፈለገ ያገኘዋል፤ ማግኘቱን ግን አይናገርም» ብለው ከለከሉት። የባትሪውን ሽቦ ፈትተው፥ ሳንቃውን ሁሉ አንሥተው፥ ሆዱን ለነፋስ ክፍት አድርገው ግማሽ ቀን አቆዩት። ከዚያ በኋላ በቀን ብርሃን ተመለከቱ።

የጀልባው ሕመም አዲስ አልነበረም። ከዚያ ቀደም የመጡ መካኒኮች አንዱ የካርቡራቶሩን ጓርኒሲዮን፥ አንዱ ከፖምፓው የሚወጣውን ቱቦ ለውጠው ገንዘብ ተቀብለው ሄደዋል፤ ሽታው ግን አልሄደም። ሽማግሌው ሌላ መንገድ ያዙ። ምልክት የተቀረጸበት በትር ወደ ሰልባትዮው እየሰደዱ ማታና ጧት ነዳጁን ለኩ። ሰልባትዮው እስከ ግማሽ ብቻ ሲሞላ ጧት አንድም አልጎደለም፤ እስከ አፉ ሲሞላ ግን በበትሩ ላይ አንድ ጣት ያህል ጎደለ። ይህ ልኬት ብዙ ነገር ያስረዳል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነዳጅ የሚጎድል ከሆነ ጥፋቱ ሞተሩ ዘንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግማሽ ሲሆን የማያፈስ፥ ሲሞላ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ከታች ሊሆን አይችልም፤ ከላይ ነው።

ቀጥለው በመጋጠሚያዎቹ ሥር ሁሉ ደረቅ ነጭ ወረቀት አንጥፈው አሳደሩ። ጧት ሁሉም ወረቀት ደረቅ ነበር፤ ነዳጅ ከሚሞላበት አፍ ወደ ሰልባትዮው በሚወርደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ሥር ያለው ብቻ ርሶ ተገኘ። ቱቦው ከፊት ለፊት ሲታይ ጤነኛ ነበር። በደረቅ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርገው ጨርቁን ሲያሸቱት ግን ቤንዚን ሸተተ። ፈትተው ሲገለብጡት በጀርባው፥ ከሳንቃው ተጠግቶ ዓይን በማይደርስበት በኩል፥ እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ተገኘ፤ የታሰረበት ፋሸታም በዝገት ተበልቶ አልቋል። ሽታው በገበያ ቀን የሚብሰው ለምን እንደ ሆነም ታወቀ፤ ጭነቱ በአንድ ወገን ሲበዛ ጀልባው ያዘነብላል፥ ነዳጁም ወደ ተሰነጠቀው ቱቦ ይሄዳል።

መጠገኑ ከመፈለጉ ይልቅ ቀላል ነበር። ነዳጁ በጥንቃቄ ወደ ጀሪካን ተቀድቶ ከጀልባው ርቆ በጥላ ተቀመጠ። የውሃ ጎማ ርካሽ ቢሆንም ቤንዚን አለስልሶ ያበላሸዋልና ለነዳጅ የተሠራ አዲስ ቱቦ ተገዛ። በየጫፉ አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት ፋሸታ ታሰረ። የመሙያው አፍና ሰልባትዮው በሽቦ ተያያዙ፤ ነዳጅ በጎማ ውስጥ ሲወርድ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ብልጭታ እንዳይሆን ነው። በመጨረሻ ሰልባትዮው እስከ አፉ ተሞልቶ ወረቀቱ እንደገና ተነጥፎ አደረ። ጧት ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ የሸተተም ሰው አልነበረም። እኔም በሦስተኛው ቀን ተሻገርሁ። ደብዳቤው ዘገየ፤ ያቺ ሕፃን ያዘለች እናት ግን በደኅና ቤቷ ገባች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም አሮጌ ሞተር የሚሆን ነው። ነዳጅ መንገድ አለውና ፍለጋው መንገዱን ተከትሎ ከሰልባትዮው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ይሂድ እንጂ እዚህም እዚያም አይዝለል። ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ እንደ ሆነ የመሙያው ቱቦ፥ የመተንፈሻው ቱቦ፥ ወይም ከሰልባትዮው ላይ ያለው የልኬቱ ጓርኒሲዮን ይታይ። ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚያፈስ እንደ ሆነ የሰልባትዮው ግርጌ ይታይ፤ የብረት ሰልባትዮ እርጥብ እንጨት ላይ በተኛበት በኩል ከውጭ ይዝጋል፥ ከነዳጁ ጋር የገባ ውሃም ከግርጌው ተኝቶ ከውስጥ ይበላዋል። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ እንደ ሆነ ደግሞ ከፖምፓው ወዲህ ያለው ቱቦ፥ ፊልትሮውና ካርቡራቶሩ ይመርመሩ።

የናፍጣ ሞተር ጠባዩ በጥቂቱ ይለያል። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ የሚቀጣጠል ትነት አይሰጥምና እንደ ቤንዚን ድንገተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀጭን ቱቦ በኃይል ተረጭቶ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ ይነዳል። በሰልባትዮውና በፖምፓው መካከል ያለው ቱቦ ቢቀደድ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ በመፍሰስ ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያን ጊዜ መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ አትታይም፤ ሞተሩ ግን ይንተፋተፋል፥ ይጠፋል። በመስኖ ወራት «ሞተሬ ደከመ» ብሎ ሞተሩን ሊሸጥ የሚያስብ ገበሬ አስቀድሞ ይህን ቱቦና ፋሸታውን ቢያይ ብዙ ብር ይተርፈዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የተቀደደ ሰልባትዮ ባዶ ስለ ሆነ አይፈነዳም ብሎ ወደ ብየዳ መውሰድ የሞት መንገድ ነው። በቤንዚን ከተሞላው ይልቅ ነዳጁ አልቆ ትነቱ የቀረበት ሰልባትዮ የከፋ ነው። ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ፈጽሞ ታጥቦ ትነቱ ካልወጣለት በቀር እሳት አይቅረበው፤ ግርጌው በዝገት ያለቀ እንደ ሆነም ከመለጠፍ መለወጥ ይሻላል።

የፈሰሰውስ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጀልባ ነጂዎች በጀልባው ሆድ የተጠራቀመውን ውሃ ከነነዳጁ ወደ ሐይቁ ይደፉታል፤ አንዳንዱም የቀስተ ደመና መልክ ያለው ቅባት እንዳይታይ ሳሙና ይጨምርበታል። ሳሙናው ነዳጁን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ከውሃው ጋር አዋሕዶ ወደ ታች ይሰደዋል። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ 10 ሜትር የማይደርስ ነው። ቆሮሶ የሚረባው ጥልቀት በሌለው በዳርቻው ውሃ ስለ ሆነ፥ ጀልባ ታስሮ በሚያድርበት ዳር የሚደፋው ነዳጅ የዓሣውን ዘር ይጎዳል። ስለዚህ የረከሰው ውሃ በዕቃ ተቀድቶ በየብስ ይወገድ፤ የቀረውም በጨርቅ ይጠረግ።

እንግዲህ በግዛታችሁ የሞተር ጀልባ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለባችሁ ሹማምንት የሚከተለውን ብታዝዙ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል።

1ኛ፤ ጀልባ ነጂ ሁሉ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ሳንቃውን ከፍቶ ያሽትት፤ ሽታ ካለ ሰው አይሳፈር።

2ኛ፤ ነዳጅ ሲሞላ ሞተር ይጥፋ፥ መንገደኛ ይውረድ፥ ክብሪት፥ ሲጋራና የከሰል ምድጃ ይራቅ።

3ኛ፤ የነዳጁ ልክ ማታና ጧት በበትር ተለክቶ በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩ ከመካኒክ ይልቅ እውነት ይናገራል።

4ኛ፤ የጎማ ቱቦ የተገዛበት ቀን ይመዝገብ፤ የተሰነጠቀ፥ የለሰለሰ ወይም በጨርቅ ሲጠረግ የሚሸት ቱቦ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

5ኛ፤ ሥራ ሲያበቃ ከሰልባትዮው የሚወጣው ነዳጅ በመዝጊያው ይዘጋ።

6ኛ፤ ጀልባ ነጂው «አልሄድም» ባለ ጊዜ፥ ባለቤቱም ቢሆን ሹሙም ቢሆን አያስገድደው።

ይህ ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የዚያ ጀልባ ቱቦ የተሰነጠቀው ከእርጅና የተነሣ ነው፤ ሳይለወጥ የቆየው ግን ከእኛ ጥድፊያና ከባለቤቱ ቁጠባ የተነሣ ነው። ሽማግሌው ያን ዕለት ለሹመቴ ፈርተው ታዝዘውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ እጅ ላይኖር ይችል ነበር።

በአገሬ በጥያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመው ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ድንጋይ ብዙ ዘመን ዝናቡንና ፀሐዩን ችሎ ይቆማል። ጎማና ብረት ግን እንደዚያ አይደሉም፤ ያረጁ ዕለት አይጮኹም፥ ይሸታሉ እንጂ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ቅጠሉም የአንድ ቱቦና የአራት ፋሸታ ዋጋ፥ የአንድ ሌሊትም ትዕግሥት ነው።