ተረትና እውነታ፦ የኡዝቤክ ተማሪና የእንግሊዝኛው ቤት

ለኡዝቤክ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቀላሉ የቤትና የሕንፃ ቃላት ነው ይባላል፤ በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ እያሉ ከሥዕል ጋር መሸምደድ ይበቃል። ለበርና ለመስኮት እውነት ነው። ቤት መከራየት ሲመጣ ግን ሽምደዳው ገንዘብ ያስከፍላል።

በታሽከንት «ኢኪ ኾናሊ» የሚባለው አፓርታማ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ ይቆጠራል፤ ወጥ ቤቱ አይቆጠርም። የለንደን አከራይ በበኩሉ የሚቆጥረው መኝታ ቤቱን ነው፤ ስለዚህ ያው ቤት እዚያ «ዋን ቤድሩም» ይባላል። ሁለቱን ክፍል አስቦ «ቱ ቤድሩም» ያለ ተማሪ ከፈለገው የሚሰፋ ቤት ይቀርብለታል፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ነው። ኮንዶሚኒየምን «ባለ አንድ መኝታ» እያልን ለምንጠራ ለእኛ ይህ ችግር አይታየንም፤ ለታሽከንት ልጅ ግን አዲስ አቆጣጠር ነው።

ወለሉም እንዲሁ። በኡዝቤኪስታን ከመሬት ጋር እኩል ያለው ወለል አንደኛ ነው። አሜሪካኖችም በአብዛኛው እንደዚያው ይቆጥራሉ። ብሪታንያ ውስጥ እሱ «ግራውንድ» ነው፤ «ፈርስት ፍሎር» ለመድረስ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ሁሉ አንድ ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

«ሩሲያኛ የሚችል ግማሹን ያውቀዋል» የሚሉም አሉ። «ሊፍት» እና «ባልኮን» በእርግጥ ይረዳሉ። «ካቢኔት» ግን ያሳስታል፤ በሩሲያኛ በኩል ኡዝቤክኛ የገባው ቃል የሥራ ክፍል ሲሆን የእንግሊዝኛው ቁም ሣጥን ነው። ከራሱ ከኡዝቤክኛም «መህሞንኾና» የእንግዳ ክፍልም ሆቴልም ነው። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ተማሪ ቤታችን ውስጥ ሆቴል አለ ሊል ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው «ሆቭሊ» ነው፦ ከመንገድ በግንብ ተከልሎ፣ ክፍሎቹ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚመለከቱ፣ ብዙ ጊዜም «አይቮን» የተባለ ባለ ምሰሶ በረንዳ ያለው መኖሪያ። በ1966 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ታሽከንት ብዙ የጭቃ ጡብ ቤቶቿን አጥታ በምትካቸው የአፓርታማ ሕንፃዎች በብዛት ተሠሩ፤ ሆቭሊ ግን ዛሬም ይኖርበታል። ይህን ሁሉ «ያርድ» ብሎ መተርጎም ቤቱን ትቶ ባዶውን ቦታ ብቻ መጥራት ነው። ተማሪው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይግለጸው።

መምህራን የቃላት ዝርዝሩን ለጊዜው ያስቀምጡት። ተማሪው በመጀመሪያ የገዛ ቤቱን ፕላን ሥሎ በእንግሊዝኛ ያስረዳ፤ ቀጥሎ አንድ የለንደንና አንድ የኒውዮርክ የኪራይ ማስታወቂያ ጎን ለጎን ያንብብ።