ወደ አገር ቤት የሚላክ ሃይብሪድ ኢንቨርተር እንዴት ይመረጣል?

በባሕረ ሰላጤው አገራት እየሠሩ በኢትዮጵያ ለሚኖረው ቤተሰባቸው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ቀዳሚ ጥንቃቄ ሊያደርጉበት የሚገባው የኢንቨርተር ምርጫ ነው። የሶላር ፓኔል ቁጥር ዘግይቶ ሊጨመር ይችላል፤ ያለ ልኩ የተገዛ ኢንቨርተር ግን የዓመታት ቁጠባን አባክኖ ቤቱን በጨለማ ሊያስቀር ይችላል።

ኢንቨርተር ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣውን ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት የቤት ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት ተለዋዋጭ ፍሰት ይቀይራል። ያለ ባትሪ ከዋናው መስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት ኃይል ሲቋረጥ ለጥገና ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ራሱን ያጠፋል፤ ፀሐይ ቢኖርም ቤቱ መብራት አያገኝም። ሃይብሪድ የተባለው ግን ፓኔልን፣ ባትሪንና ዋናውን መስመር በአንድነት ያስተዳድራል፤ መብራት ሲጠፋም ወዲያውኑ ወደ ባትሪ ይዞራል።

ጭነትን ማስላት

መነሻው በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ዕቃዎች ድምር ነው። አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር በአብዛኛው በአንድነት ከ1 ኪሎዋት አይበልጡም። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከግማሽ በላይ ያራግፋል። በመሆኑም ምጣዱ በተለየ ገመድ በዋናው መስመር ላይ ቢቀር 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ለብዙ ቤቶች ይበቃል። ምጣዱ በኢንቨርተሩ እንዲሠራ ከተፈለገ 6 ኪሎዋት ገደማ ያለው መግዛት፣ በቂ ፓኔል መጨመርና ፀሐይ በምትበረታበት እኩለ ቀን አካባቢ መጋገር ይመከራል።

ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሲነሡ ከመደበኛ ፍጆታቸው በርካታ እጥፍ ኃይል ስለሚስቡ መሣሪያው ለአፍታ የሚሸከመው ከፍተኛ ጭነትም መታየት አለበት። 5 ኪሎቮልት አምፔር የሚል ጽሑፍም ሁልጊዜ 5 ኪሎዋት ማለት አይደለም፤ የኃይል ምጣኔው 0.8 ከሆነ እውነተኛው አቅም 4 ኪሎዋት ነው።

ፓኔልና ባትሪ

እያንዳንዱ ኢንቨርተር ከፓኔል የሚቀበለው የቮልቴጅ ጣሪያ አለው። ጣሪያው 500 ቮልት ሆኖ የአንዱ ፓኔል የክፍት ዑደት ቮልቴጅ 50 ቢሆን፣ 10 ፓኔሎችን በተከታታይ ማገናኘት አደገኛ ነው፤ በማለዳ ብርድ ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ ከፍ ይላልና። በዚህ ምሳሌ 8 ፓኔል በቂ መጠባበቂያ ይተዋል።

48 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዚህ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያስጠቅም፣ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመረጣል። ባትሪውና ኢንቨርተሩ እርስ በርስ የሚናበቡ መሆናቸውም ከሻጩ መረጋገጥ አለበት።

ከፍታና የመስመር ልዩነት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በርካታ ኢንቨርተሮች ግን ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንደሆነ በመመሪያቸው ይገለጻል፤ የሳሳ አየር መሣሪያውን በሚገባ አያቀዘቅዝም። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ ነፋሻ ጥላ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች መስመር በ50 ሄርዝ ሲሠራ የሳዑዲ ዓረቢያ ግን 60 ሄርዝ ነው፤ በመሆኑም መሣሪያው በ50 ሄርዝ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ገንዘብ መከፈል የለበትም።

ከክፍያ በፊት

በባሕረ ሰላጤው የተሰጠ ዋስትና በኢትዮጵያ የሚያገለግል መሆኑንና ጥገናውን ማን እንደሚሠራ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ተከላው የምድር ሽቦና የመብረቅ መከላከያ ተካቶበት በባለሙያ ይሠራ፤ ያለ መብራት ኃይል ፈቃድም ወደ መስመሩ ኃይል መልቀቅ አይገባም። ቤተሰቡ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነዋታቸው፣ የጣሪያውን ስፋትና ቆጣሪው ባለ አንድ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን አስቀድሞ ቢልክ፣ ገዢው ሻጩ ያቀረበለትን ሳይሆን ቤቱ የሚፈልገውን መርጦ ለመግዛት ይችላል።